ጭነትና ስያሜው፦ ከአሊዩ አምባ ገበያ እስከ ኮምፒዩተር ክፍሎች መረጣ

1. መነሻ

ለአንድ አዲስ ሙያ የአማርኛ ቃላት ለማዘጋጀት የሚነሣ ሰው ሁሉ ሥራውን የሚጀምረው በስሞች ዝርዝር ነው። በአንድ ወገን የባዕድ ስሞችን ይደረድርና በሌላው ወገን አቻ ይፈልግላቸዋል። አቻው ተገኝቶ ገበያ ሲቀበለው ደስ ይለዋል፤ ሳይቀበለው ሲቀር ደግሞ ሕዝቡን በቋንቋው ቸልተኛ ነው ብሎ ይወቅሳል። እኛም ለረጅም ጊዜ በዚሁ መንገድ ከተጓዙት ወገን ነን። በዚህ ጽሑፍ ግን ዝርዝሩ የሚጀመርበት ስፍራ ራሱ የተሳሳተ እንዳይሆን ያለንን ሥጋት ለአንባብያን ለማቅረብ እንወዳለን።

ለምርመራችን የመረጥነው መካከለኛ ዋጋ ያለውን የጨዋታ ኮምፒዩተር ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት አለን። የቢሮ ኮምፒዩተር በአብዛኛው ተሠርቶ ያለቀ ሆኖ ይገዛል፤ ገዥው የውስጥ ክፍሎቹን ስም ሳያውቅ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። የጨዋታ ኮምፒዩተር ግን ብዙውን ጊዜ ክፍል በክፍል ተመርጦ፣ ከልዩ ልዩ ስፍራ ተለቅሞ፣ በባለቤቱ ወይም በባለሙያ እጅ የሚገጠም ነው። በጀቱ መካከለኛ ሲሆን ደግሞ ምርጫው ይበልጥ ይጠብቃል። ባለጸጋ ከሁሉ የበላዩን ይገዛል፤ መካከለኛው ግን እያንዳንዱን ክፍል ከሌላው ጋር እያመዛዘነ መግዛት ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ስያሜ በእውነት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ግን ከኮምፒዩተር መደብር ሳይሆን ከአንድ አሮጌ ገበያ መጀመር ይኖርብናል።

2. አሊዩ አምባ፦ ጭነት የሚራገፍበት ስፍራ

አሊዩ አምባ ከአንኮበር በስተምሥራቅ፣ ደጋው ወደ ይፋት ቆላ በሚወርድበት ተዳፋት ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ማለት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ከ1813 እስከ 1847 ባለው ጊዜ፣ የሸዋ መንግሥት ከባሕር ጋር የሚገናኝባት ዋና የገበያ በር ነበረች። ከታጁራ የተነሣ ቅፍለት የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ በፋሬ በኩል አልፎ ወደዚህች ከተማ ይደርስ ነበር። ዓርብ ዓርብ በሚቆመው ገበያዋ አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ኦሮሞውና የሐረሩ ነጋዴ ይገናኙ ነበር። ጨውና የማርትሬዛ ብር የዋጋ መለኪያ ሆነው ያገለግሉ ነበር። በአቅራቢያዋ በአብዱል ረሱል የሰው ልጅም ይሸጥ እንደነበር ሳይጠቀስ መታለፍ አይገባውም።

ይህች ከተማ ለመዝገበ ቃላት ታሪክም እንግዳ አይደለችም። የሚሲዮን ሰዎቹ ኢዘንበርግና ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1839 ከታጁራ ተነሥተው በይፋት በኩል ወደ አንኮበር ወጥተዋል። ኢዘንበርግ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛም ወደ አማርኛ የሚተረጉመውን መዝገበ ቃላቱን በሎንዶን ያሳተመው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1841 ነው። በዚያው ዓመት ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የመራው የእንግሊዝ መልእክት ለንጉሡ ከሌሎች ስጦታዎች ጋር መድፍና ጠመንጃ ይዞ በዚሁ መንገድ ወጣ። ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን ደግሞ በ1842 በአሊዩ አምባ ተቀምጦ ያየውን ጽፏል። የሃሪስም የጆንስተንም መጻሕፍት የታተሙት በ1844 ነው።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር የከተማይቱ አቀማመጥ ነው። የቆላው ግመል የአንኮበርን ዳገት አይወጣም። ስለዚህ የባሕሩ ጭነት በተዳፋቱ ግርጌ ይራገፍና እንደገና በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጫንቃ ይጫን ነበር። በዚህ ርክክብ ላይ ሁለት ዓይነት ቃላት ይገናኛሉ። አንደኛው ከዕቃው ጋር ተጭኖ የመጣው ስም ነው። ሁለተኛው ዕቃውን የሚቀበለው ሰው እጁ ስለሚሠራው ሥራ የሚናገርበት ግስ ነው።

በንግድ ዙሪያ ያሉትን ቃላት ብንመለከት ይህ መለያየት ጎልቶ ይታያል። ሱቅ፣ ደላላ፣ ሐራጅ፣ ባሩድ፣ ሳሙና፣ ሰንዱቅ የሚሉት ስሞች ከዐረብኛ ጋር በተደረገ ግንኙነት ወደ አማርኛ የገቡ ናቸው። ገዛ፣ ሸጠ፣ ለወጠ፣ ጫነ፣ አራገፈ፣ አወረደ፣ ፈታ፣ አሰረ የሚሉት ግሶች ግን የቤት ልጆች ናቸው። ስሙ ከግመሉ ጋር መጣ፤ ግሱ ግን ከተሸካሚው ጋር ነበረ። ይህ ለአሊዩ አምባ ብቻ የተለየ ሕግ ነው አንልም። ነገር ግን ርክክቡ በዓይን የሚታይባት ስፍራ ስለሆነች ነገሩን ለማስተዋል ትመቻለች።

3. መንገዱ ሲዛወር

ዕቃ የሚመጣበት መንገድ ሲለወጥ ስም የሚመጣበት ቋንቋም ይለወጣል። ይህን በሦስት ዕቃዎች እንይ።

የመጀመሪያው ጠመንጃ ነው። ጠበንጃ ወይም ጠመንጃ የሚለው ስም ራሱ ከቱርክኛው ታባንጃ ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ ባሩድ ከዐረብኛ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የገባው የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ ደግሞ በአገራችን አፍ ውጅግራ ተባለ። የዕቃው ዓይነትና የሠሪው ስም እንግዳ መሆኑን ልብ ይሏል። ወደ ሥራው ስንመጣ ግን ሰው ጠመንጃውን ያጎርሳል፣ ያነጣጥራል፣ ይተኩሳል፣ ይወለውላል። እንዲያውም «አጎረሰ» ከማዕድ ተነሥቶ ወደ ጦር መሣሪያ የተሻገረ ግስ ነው። ከዚህም ጎራሽ የሚለው ስም ተወልዶ ጠመንጃው በሚይዘው የጥይት ቁጥር እስከ መጠራት ደርሷል። አፈሙዝ ውስጥ «አፍ»፣ ምላጭ ውስጥ «ላጨ» ይታያሉ። ማንም የቃላት ኮሚቴ ተሰብስቦ አልወሰነውም፤ መሣሪያውን በእጁ የያዘው ሰው የሚያደርገውን ሲናገር ተፈጠረ።

ሁለተኛው ባቡር ነው። የጅቡቲው የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የአሊዩ አምባ የበርነት ዘመን አከተመ። ከሐዲዱ ጋር ፈረንሳይኛ መጣ፤ ለገሃር የሚለው የሰፈር ስም እስከ ዛሬ የዚያ ምስክር ነው። ተሳፋሪው ግን የተሳፈረውና የወረደው በአማርኛ ነው።

ሦስተኛው መኪና ነው። ለዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያው መኪና በ1900 ዓ.ም. ቢመጣም፣ መኪና በብዛት የገባውና የመካኒክ ሙያ የተስፋፋው ከጣልያን ወረራ ዘመን ወዲህ ነው። በዚያን ጊዜ የተሠራው የደሴ መንገድ በጣርማ በር ዋሻ ሾልኮ፣ በደብረ ሲና ወርዶ፣ በሸዋ ሮቢት አልፎ ሄደ። የአንኮበርና የአሊዩ አምባ ጥንታዊ መስመር በስተደቡብ ቀረ። ከመንገዱ ጋር ጎማ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ብሎን፣ ካቻቢቴ፣ ላሜራ፣ ስፒና ገቡ። እነዚህን ስሞች ለማስወጣት ዛሬ የሚሞክር ሰው ቢኖር ጋራዡ ሁሉ ይዘጋበታል። ሆኖም መካኒኩ ጎማውን ይፈታል፣ ብሎኑን ያጠብቃል፣ ሾፌሩም ፍሬን ይይዛል፣ መኪናውን ያስነሣል፣ ይነዳል። ከብት የተነዳበት ግስ መኪናንም ነዳ፤ ነዳጅ የሚለውም ከ«ነደደ» ተወልዶ ቤንዚን ከሚለው ጎን ቆመ።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚሻው መለዋወጫ የሚለው ቃል ነው። ይህ ቃል «ተለዋወጠ» ከሚለው የገበያ ግስ የተገኘ የመሣሪያ ስም ነው። የመኪና ዕቃ ሻጭ በሩ ላይ የሚጽፈው፣ መካኒክ በቃሉ የሚጠራው፣ ጋዜጣ የሚያትመው አንድና ያው ነው። የሚያሳየንም ነገር አለ፦ ሰው ከሚሠራው ግስ የተወለደ ስም ሳይገፉት ይሄዳል።

ደንቡ ፍጹም አለመሆኑን መካድ አይቻልም። «ፈረመ» የሚለው ግስ ፊርማ ከሚለው የላቲን ወገን ቃል የተገኘ ነው። ዛሬም «ሴቭ አደረገ»፣ «ፎርማት አደረገ»፣ «አፕዴት አደረገ» እየተባለ ይነገራል። ነገር ግን በእነዚህ በኋለኞቹ እንግዳው ቃል እንደ ስም ቆሞ የግስነቱን ሥራ «አደረገ» ይሸከምለታል። እንግዳው በቤቱ ውስጥ አለ፤ እርባታው ውስጥ ግን አልገባም።

4. መጫንና ማራገፍ እንደገና

አሁን ወደ ኮምፒዩተር እንሂድ። ስሙን ራሱን «አስሊ» ወይም «ቀማሪ» ለማለት የቀረቡ ሐሳቦች ነበሩ፤ በሕዝብ አፍ ግን አልገቡም። ምክንያቱን ስንመረምር ቃላቱ የሚያስቀይሙ ሆነው አናገኛቸውም። የባዕዱን ስም ሥርወ ትርጉም በታማኝነት ተርጉመዋል። ችግሩ ተጠቃሚው በኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ «አሰላሁ» ወይም «ቀመርሁ» ብሎ አለማወቁ ነው። ይጽፋል፣ ያያል፣ ይሰማል፣ ይጫወታል። ስያሜው የተመሠረተው ተጠቃሚው በማይሠራው ግስ ላይ ነበረ።

በተቃራኒው በአማርኛ የተዘጋጁ የስልክና የኮምፒዩተር ገጾችን ብንመለከት ጫን፣ አራግፍ፣ አውርድ፣ ስቀል የሚሉትን ትእዛዞች እናገኛለን። ፕሮግራም ይጫናል፤ ሳያስፈልግ ሲቀር ይራገፋል፤ ፋይል ከሩቅ ይወርዳል፤ ወደ ሩቅ ይሰቀላል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የቅፍለት ግሶች ናቸው። በአሊዩ አምባ ተዳፋት ላይ ግመል ሲራገፍና በቅሎ ሲጫን የተነገሩት ቃላት ሳይለወጡ ዛሬ በመስታወት ገጽ ላይ ተጽፈው ይታያሉ። የትርጉም ባለሙያዎቹ ይህን ታሪክ አስበው መረጡት ማለታችን አይደለም፤ ግሱ በእጅ ስለነበረ ወሰዱት።

ይህ ምርጫ የሚሰጠው ጥቅም በእርባታው ላይ ይታያል። «ጫነ» ካለ አስጫነ፣ ተጫነ፣ ጫኝ፣ አጫጫን፣ ጭነት አብረው ይመጣሉ። «ዊንዶውስ አስጫንሁ» የሚል ደንበኛ አዲስ ቃል መማር አላስፈለገውም። ጉድለትም አለበት። «ተጫን» ማለት ቁልፍን በጣት መጫን ሲሆን፣ «ተጫነ» ደግሞ ፕሮግራሙ ገባ ማለት ነው። ስለዚህ «ለመጫን ይህን ይጫኑ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲያጋጥመን እንስቃለን። መፍትሔው ግን ግሱን መጣል አይደለም፤ ለአንደኛው ትርጉም «ነካ» ወይም «መታ» የሚለውን መመደብ ነው።

5. የክፍሎች መረጣ፦ አምስት ግሶች

አሁን መካከለኛ የጨዋታ ኮምፒዩተር ለመግጠም የተነሣ አንድ የይፋት ወጣት እናስብ። ክፍሎቹ ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ግራፊክስ ካርድ፣ ኤስኤስዲ፣ ፓወር ሰፕላይና ኬዝ ናቸው። አንዳንዱን በአዲስ አበባ ይገዛል፤ አንዳንዱን ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞለት ይመጣል። በሻንጣ የመጣ ዕቃ ስሕተት ቢሆን መልሶ መቀየር አይቻልም። የገንዘቡ ሁሉ ዕጣ የሚወድቀው ከግዢው በፊት በሚጠየቁት ጥያቄዎች ላይ ነው።

ስሞቹን ሁሉ በቃሉ ያውቃል እንበል። ይህ ዕውቀት ምን ይጠቅመዋል? ራም ብሎ ቢያዝ ራም ይመጣለታል። ነገር ግን የሚያስፈልገው ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር ያለው ዝምድና ነው። የባዕዱ ቋንቋ ይህን ዝምድና በአንድ ጥቅል ቃል ይገልጸዋል፤ በእኛም ዘንድ «ተስማሚነት» ተብሎ ይተረጎማል። ሥራውን ቀርበን ስናየው ግን በዚህ አንድ ቃል ሥር ቢያንስ አምስት የተለያዩ ጥያቄዎች ተጨፍልቀው እናገኛለን። ለእያንዳንዳቸውም አማርኛ ግስ አለው።

ሀ) ይገጥማል ወይ? ይህ የቅርጽ ጥያቄ ነው። ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 የተባሉት የራም ዓይነቶች ለጠረጴዛ ኮምፒዩተር ሲሠሩ ሁለቱም 288 መገናኛ ነጥቦች አሏቸው። ነገር ግን ከግርጌያቸው ያለው ክፍተት ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም። ቁጥሩ እኩል መሆኑ ያሳስታል፤ መግጠሙ ግን በቁጥር አይደለም። ከኬዙ ርዝመት የሚበልጥ ግራፊክስ ካርድም እንዲሁ አይገጥምም።

ለ) ይስማማል ወይ? አንድ ክፍል በቅርጹ ገጥሞ ሳለ ላይስማማ ይችላል። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣቸው የራይዘን 5000 ፕሮሰሰሮች በ2018 በወጡት የቢ450 ማዘርቦርዶች ላይ ይቀመጣሉ፤ ሆኖም የማዘርቦርዱ ባዮስ ካልታደሰ አያውቃቸውም፤ ኮምፒዩተሩም አይነሣም። ባለቤቱ ዕቃው የተበላሸ መስሎት ሌላ ሊገዛ ይችላል። «ገጠመ» እና «ተስማማ» ተለይተው ቢነገሩት ኖሮ ከዚህ ወጪ ይድን ነበር።

ሐ) ይመጣጠናል ወይ? መካከለኛው ገዥ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ይህ ግስ ነው። እጅግ ፈጣን ግራፊክስ ካርድ ከደካማ ፕሮሰሰር ጋር ቢጣመር ካርዱ ሥራ እየጠበቀ ይቀመጣል። ቋንቋችን ለዚህ ማነቆ የሚል ጥሩ ቃል አለው፤ ከ«አነቀ» የተወለደ ነው። ማነቆው ግን እንደ ሥራው ይለዋወጣል። በ1920 በ1080 ነጥብ ስፋት ባለው ማያ ላይ የሚጫወት ሰው ፕሮሰሰሩ ማነቆ ሊሆንበት ሲችል፣ ማያው ሲሰፋ ግን ሸክሙ ወደ ግራፊክስ ካርዱ ያዘነብላል። «መካከለኛ» ማለት እንግዲህ እያንዳንዱ ክፍል መካከለኛ ዋጋ አለው ማለት አይደለም፤ አንዱ ሌላውን አያንቅም ማለት ነው።

መ) ይችላል ወይ? ይህ የኃይል ጥያቄ ነው። ለምሳሌ ያህል ራይዘን 5 5600ኤክስ የተባለው ፕሮሰሰር 65 ዋት፣ አርቲኤክስ 3060 የተባለው ግራፊክስ ካርድ 170 ዋት የተመደበላቸው ናቸው። ድምሩ 235 ቢሆንም ሠሪው ኤንቪዲያ ለዚህ ካርድ የሚመክረው የ550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው። የቀሩት ክፍሎችም ይበላሉ፤ ለቅጽበት የሚያሻቅብ ፍላጎትም አለ። «ይህ ፓወር ሰፕላይ ይችለዋል» ስንል ሸክምና ጫንቃ የሚነጻጸሩበትን የቆየ አነጋገር እንጠቀማለን። በቅሎ ይችላል ወይስ አይችልም ብሎ የሚጠይቅ ጫኝ የሚያውቀው ጥያቄ ነው።

ሠ) ይበርዳል ወይ? ይህ ጥያቄ በአንኮበርና በሸዋ ሮቢት አንድ ዓይነት መልስ የለውም። በደጋው ብርድ የተፈተሸ ኮምፒዩተር ወደ ቆላው ሲወርድ የሚስበው አየር ራሱ ሞቃት ነው፤ ማቀዝቀዣው ደግሞ ክፍሎቹን ከክፍሉ አየር በታች ሊያቀዘቅዝ አይችልም። የውጭ አገር ገምጋሚ በቀዝቃዛ ክፍል ለክቶ የጻፈውን የሙቀት ቁጥር የይፋት ወጣት እንደወረደ ሊቀበለው አይገባም። ኬዙ አየር የሚያስገባና የሚያስወጣ፣ አቧራውም በየጊዜው የሚጸዳ መሆን አለበት።

እነዚህ አምስት ጥያቄዎች ሲጠየቁ አንድም የባዕድ ግስ አልተጠቀምንም። ስሞቹን ግን ሁሉንም ማለት ይቻላል ከገበያው እንደመጡ ነው የተውናቸው።

6. የተሳሳተ ግስ የሚያስከትለው ጉዳት

ግስ መምረጥ የውበት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት አንድ ምሳሌ እንጨምር። ኤኤም4 በተባለው ሥርዓት 1331 ቀጫጭን እግሮች ከፕሮሰሰሩ ሆድ ሥር የተተከሉ ናቸው። በ2022 በመጣው ኤኤም5 ግን 1718 መገናኛዎች ያሉት በማዘርቦርዱ በኩል ነው። በሁለቱም ዘንድ ፕሮሰሰሩ በቦታው ላይ በቀስታ ይቀመጣል እንጂ በእጅ ኃይል አይገፋም። የሚይዘው መቆለፊያው ነው። ራም ግን ጠርዙ ጠቅ እስኪል ድረስ ጠንከር ተደርጎ ይሰካል።

የመመሪያ ተርጓሚ ለሁለቱም «ሰካ» የሚለውን ግስ ቢጠቀም ሰዋስዋዊ ስሕተት አልሠራም፤ አንባቢው ግን ፕሮሰሰሩን ሊጫነው ይችላል። የተጣመመ እግር ያለው ፕሮሰሰር ምን እንደሚሆን ለማንም ግልጽ ነው። «ፕሮሰሰሩን አስቀምጥ፤ ራሙን ሰካ» ብሎ የለየ ተርጓሚ የአንድን ቤተሰብ ገንዘብ አድኗል። በዚሁ ምክንያት የፕሮሰሰሩን ቦታ «ሶኬት» ከማለት «መቀመጫ» ማለት የሚሻል ይመስለናል። ሶኬት በአገራችን የታወቀው በግድግዳ ላይ ያለው የ220 ቮልት የኤሌክትሪክ መሰኪያ ሆኖ ነውና፣ ቃሉ ራሱ አንባቢውን «ሰካ» ወደሚለው ግስ ይመራዋል።

7. ለመዝገበ ቃላት ሥራ የምናቀርበው ሐሳብ

ከላይ ከተመለከትነው በመነሣት የኮምፒዩተር ክፍሎች መዝገብ ሲዘጋጅ የሚከተለው አሠራር ቢፈተሽ መልካም ነው እንላለን። አንደኛ፣ ቃል ሰብሳቢው ወደ ጥገና ቤት ሄዶ ስሞችን ከመጠየቁ በፊት ባለሙያው በእጁ ሲሠራ የሚናገራቸውን ግሶች ይመዝግብ። ሁለተኛ፣ የገበያው ስም በመደቡ ይቀመጥ፤ ሰው ዕቃውን የሚገዛው በዚያ ስም ነውና። ሦስተኛ፣ ከስሙ ቀጥሎ ክፍሉ የሚፈልጋቸው ግሶች ይሰጡ። አራተኛ፣ አዲስ ስም መፍጠር ሲያስፈልግ ከእነዚሁ ግሶች ይወለድ። ለናሙና ያህል ሦስት ቃላት እናቅርብ።

ማዘርቦርድ (ስም፣ ውሰት)፦ ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ የሚያያዙበት ሰሌዳ። ግሶቹ፦ ፕሮሰሰርን ያስቀምጣል፣ ራምን ይቀበላል፣ ክፍሎችን ያገናኛል። ለጽሑፍ «እናት ሰሌዳ» ሊባል ይችላል፤ እናት አገር፣ እናት ድርጅት እንደሚባለው ነው። ለግዢ ግን አይበቃም።

ፓወር ሰፕላይ (ስም፣ ውሰት)፦ የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ለውጦ ለክፍሎቹ የሚያድል ዕቃ። ግሶቹ፦ ያድላል፣ ይችላል፣ አይችልም። ከግሱ የሚወለድ ስም፦ ኃይል አዳይ።

ማነቆ (ስም፣ ከአነቀ)፦ ከሌሎቹ ጋር ሳይመጣጠን ቀርቶ የሁሉንም ፍጥነት የሚይዝ ክፍል። ግሶቹ፦ ማነቆ ይሆናል፣ ማነቆ ይፈታል።

በዚህ ናሙና ውስጥ የባዕዱን ስም ከነሙሉ መብቱ ማስቀመጣችን አንዳንድ አንባብያንን ሳያስከፋ አይቀርም። ቋንቋን ማዳበር ማለት ስምን በስም መተካት ነው የሚለው አስተሳሰብ በመካከላችን ሥር የሰደደ ነው፤ ከቋንቋ ፍቅርም የመነጨ ስለሆነ ልናቃልለው አይገባም። ነገር ግን ጥረቱ ያለ ቦታው ሲውል የሚጎዳው ቋንቋው ነው። ካቻቢቴን ለማስወጣት የዋለ ጉልበት «ፈታ» እና «አጠበቀ» ምን ያህል እንደሚያገለግሉ ለማጥናት ቢውል ኖሮ የብዙ መመሪያዎች ትርጉም በተቃና ነበር። የእውነተኛው ሥጋት ምልክት ግሱ መሄድ ሲጀምር ነው። የይፋቱ ወጣት «ራሙ ፊት አያደርግም» ማለት ሲጀምርና «አይገጥምም» ማለት ሲተው፣ ያኔ የጠፋው አንድ ቃል ብቻ አይደለም፤ አገጣጠመ፣ ተጋጠመ፣ መገጣጠሚያ፣ ግጥሚያ የሚሉት ሁሉ ከዚህ ሙያ አብረው ይወጣሉ።

ስለዚህ በመስኩ ለተሰማሩ ባልደረቦቻችን የምናቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። የሚቀጥለው የቃላት ዝርዝር ከመዘጋጀቱ በፊት በአዲስ አበባም፣ በደብረ ብርሃንም፣ በሸዋ ሮቢትም ወደሚገኙ የኮምፒዩተር መጠገኛ ቤቶች ገብተን አንድ ኮምፒዩተር ሲፈታና ሲገጠም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንስማ። ብሎኑ በካቻቢቴ ሲፈታ፣ ፕሮሰሰሩ ሲቀመጥ፣ ራሙ ሲሰካ፣ ፕሮግራሙ ሲጫን የሚነገረውን ግስ ሁሉ እንጻፍ። የስሞቹ ዓምድ ከዚያ በኋላ ሊሞላ ይችላል።